ቤከን በሁለት መጥበሻ

ስለሺ ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ድሮ ትኬት ይቆርጥ ነበር። አሁን ትኬቱን ማሽን ስለሚቆርጥ የእሱ ሥራ ማሽኑ እምቢ ሲል ወጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ሆኗል። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ እምቢ ስለሚል የስለሺ እንጀራ አልተጓደለም። ከደብረ ብርሃን በዲቪ መጣ፣ አገባ፣ ፈታ፤ ሚስቱ ዳላስ ገባች፣ እሱ አትላንታ ዳርቻ ስማይርና ቀረ፤ በዚህ መሐል ስድሳ ዓመት ሞላው። ሕይወትህን ንገረን ብትሉት ከዚህ የረዘመ ነገር አይነግራችሁም። "ሌላውማ ኑሮ ነው" ብሎ ያልፈዋል።

"ሌላው" ብሎ ካለፈው ውስጥ ትልቁ ከሊፋ ነው። ከሊፋ የሐይቅ ልጅ፣ የወሎ ሰው፣ ዕድሜውን በሙሉ ሾፌር ነው። የተዋወቁት ማሽኑ የከሊፋን ታክሲ አላስወጣም ያለ ዕለት ነበር። ስለሺ እንደ ወጉ ወጥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ከሊፋ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ይቅርታው ይቆይና በሩን ክፈተው" አለው። በዚያው ዓመት ስማይርና ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አብረው ተከራዩ። ሁለቱም ለጥቂት ወር ነው ብለው ነበር። ጥቂቱ ወር አሥር ዓመት አለፈው፣ ሶፋው ሁለቴ ተቀየረ፣ እነሱ ግን እዚያው ናቸው።

በዚያ ቤት የማይጋሩት ነገር ሥጋ ብቻ ነው። ጠብ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ አገር ቤት ሰርግ ሲደገስ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ጭፈራው ላይ ሁሉም ይገናኛል። ስማይርና ላይ ሁለት ድንኳን መጣል ስለማይቻል ነገሩን በቴፕ ፈቱት። እጀታው ላይ አረንጓዴ ቴፕ ያለበት መጥበሻ የከሊፋ፣ ነጭ ያለበት የስለሺ። ቢላውም፣ መክተፊያውም፣ የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅም እንደዚያው። ፍሪጁ ከላይ ሙስሊም፣ ከታች ክርስቲያን ነው፤ መሐሉ ላይ ወተት፣ ቲማቲምና እንቁላል ይኖራሉ። የእንቁላሉን ጉዳይ ከሊፋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "ዶሮዋ አንገቷ እስኪቆረጥ ድረስ ሃይማኖት የላትም" ብሎ ስለፈረደ ክርክር ተነሥቶበት አያውቅም። ሽሮ፣ ምስርና ዓሣ ሲሆን በአንድ ትሪ ይቀርባሉ። ሥጋ በተሠራ ቀን ግን አንዱ ሲበላ ሌላው ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ክረምት ከሆነ ጃኬት ለብሶ ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ቤት ሰላሙን ጠብቆ ሲኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከታች ሽታ ይመጣበታል። ከታች የምትኖረው ሚስ ሎሬታ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ቅዳሜ ቤከን ትጠብሳለች። ቤከን ማለት በጨው ታሽቶ፣ በጭስ ታጥኖ፣ በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ነው። በአሳማ ጉዳይ ሁለቱ ደባሎች አንድ ቃል ናቸው፤ ከፍሪጁ ላይኛው ክፍልም ከታችኛውም ቦታ የለውም። ሽታው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ይገባል። ስለሺ የመጀመሪያ ቀን ሲሸተው "ኤዲያ!" አለ። ከዚያ ትራሱን አመቻችቶ፣ በረጅሙ ስቦ፣ እንደገና "ኤዲያ" አለ። ውሎ አድሮ ቅዳሜ ማርፈዱን ትቶ በጠዋት የሚነሣ ሰው ሆነ። ለምን ሲሉት ለጤና ነው ይላል።

አንድ ቅዳሜ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ ከሊፋን ወንበር ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን ጣራው ላይ ካለው የአየር ቀዳዳ አስጠግቶ አገኘው።

"ምን ሆነሃል?"

"አየሩን ላስተካክል ብዬ።"

"ተስተካከለ?"

"ገና ነው" አለ ከሊፋ፣ ሳይወርድ።

ስለሺ ሌላ አልጠየቀም። በሩ ላይ ተደግፎ ወንበሩ እስኪለቀቅለት ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም፤ ወንበሩ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀረ።

ነሲባ የከሊፋ ልጅ ናት፤ እዚሁ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሚድታውን አንድ ባንክ ውስጥ የምትሠራ። ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ሥራዋ ወደ ሚኒያፖሊስ ሊያዛውራት መሆኑን ልትነግር መጣች።

"ቤቱን ኦልሬዲ አይቼዋለሁ" አለች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። "ቤዝመንቱ ያንተ ነው አባ። መስጊዱም ላይክ አምስት ደቂቃ ነው። እዚህ ትቼህ ሙቭ አላደርግም፣ ሶ እንዳትከራከረኝ።"

ከሊፋ አልተከራከረም። ጉልበቱ ደክሞ መሪ ይዞ መዋል ከብዶታል፣ ልጁም አንዲት ናት። "ኢንሻአላህ" አለ። ነሲባ ወደ ስለሺ ዞር ብላ "ጋሼ፣ አንተም መጥተህ ትጠይቀናለህ፣ ራይት?" አለችው። ስለሺ "እንዴታ!" አለ። ሚኒያፖሊስ በየትኛው በኩል እንደሆነች እንኳ አያውቅም።

እሷ ከሄደች በኋላ ሁለቱም ቴሌቪዥኑን አዩ። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም ነበር። ስለሺ ከዚህ ሰው ጋር ታሞ አስታሟል፣ በረዶ የጣለ ጊዜ መኪና አብሮ ገፍቷል፣ እናቱ ያረፈች ጊዜ መርዶውን የነገረው ይኸው ሰው ነው። አሁን የቆጨው ግን ሌላ ነገር ነው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል እየሰማ አድጎ፣ ከወንድሙ በላይ ከሚያየው ሰው ጋር አንድም ቀን ሥጋ ቀርቦ አብረው ሳይቆርሱ ሊለያዩ ነው።

"ከሊፋ" አለ በመጨረሻ። "ሳትሄድ አንድ ቀን ሥጋ አብረን እንብላ።"

"የማን ሥጋ?"

"አንተ ያንተን፣ እኔ የኔን። ግን አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ። ማንም በረንዳ አይወጣም።"

ከሊፋ አሰበበት። "ምን እንሥራ ታዲያ?"

ስለሺ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየ። ከሊፋም ወደዚያው አየ። "ከበሬም ይሠሩታል አሉ" አለ ከሊፋ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ሐላሉ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አይቼዋለሁ። በአጋጣሚ ነው ያየሁት።"

የከሊፋ ነገር በዚሁ አለቀ፤ ተዘጋጅቶ፣ ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ መጣለት። ስለሺ ግን ሐበሻ ሥጋ ቤት ሄዶ ለሀብታሙ ማስረዳት ነበረበት። ሀብታሙ የቤተ ክርስቲያን ወንድሙ ነው። ፍርምባውን በስሱ፣ በረጅሙ ቁረጥልኝ ሲለው ቢላውን አስቀመጠ።

"ቋንጣ ልትሰቅል ነው?"

"አይ፣ ቤከን።"

"ጋሼ ስለሺ፣ ደህና ነዎት?" አለ ሀብታሙ። "ይኼን የመሰለ ሥጋ ጥሬውን በሚጥሚጣ መብላት ሲቻል!" ቢሆንም ቆረጠለት። ስለሺ በጨውና በስኳር አሽቶ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳደረው፣ ጭስ ያለውም መስሎ እንዲሸት ፓፕሪካ የሚሉትን በጭስ የታጠነ የበርበሬ ዱቄት ነሰነሰበት።

የመጀመሪያው ሙከራ የሁለቱም የጋራ ጥፋት ነው። እነሱ የሚያውቁት ጥብስ ነው፤ ጥብስ ደግሞ መጥበሻው ካልጋለ አይሆንም። ሁለቱንም መጥበሻ ጭስ እስኪያወጣ አጋሉና ሥጋውን ጨመሩት። ሥጋው ተኮማትሮ ተነሣ፣ ዳር ዳሩ ከሰለ፣ መሐሉ ጥሬ ቀረ፣ የጭስ አላርሙም ጮኸ። ከሊፋ በፎጣ ሲያራግብ፣ ስለሺ መስኮት ሲከፍት ሚስ ሎሬታ በሩን ደበደበች። ገብታ ሁለቱን መጥበሻዎች፣ ከዚያም ሁለቱን ሰዎች አየች።

"እናንተ ልጆች፣ ቤከን በጋለ መጥበሻ ማን አስተማራችሁ?" አለች።

ልጆቹ ማንም አላስተማረንም አሉ። ሚስ ሎሬታ የአውቶቡስ ሕግ በምታስረዳበት ድምፅ አስረዳቻቸው፦ መጥበሻው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሥጋው ሳይደራረብ ይነጠፍ፣ እሳቱ ትንሽ ይሁን፣ ሰው ደግሞ ትዕግሥት ይኑረው። ስቡ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ሥጋው በራሱ ስብ ይጠበሳል። የበሬው ስብ ትንሽ ስለሆነ አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጉበት፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ስቡ ይወጣል አለች። ስለሺ መጥበሻ ላይ ውኃ መጨመር እብደት ነው ብሎ አሰበ። በሚቀጥለው ቀን ሲሞክሩት ግን ልክ እንዳለችው ሆነ።

ያን ቀን ሁለቱም በየመጥበሻቸው የጠበሱትን ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ያንተ እንዴት ነው?" አለ ከሊፋ።

"ጫፉ ኩርሽም ይላል፣ መሐሉ ይላመጣል። ያንተስ?"

"የኔ መሐሉም ኩርሽም ይላል።"

"ያንተ ይበልጣል ማለት ነው።"

"በምን አውቄ?" አለ ከሊፋ።

እውነቱን ነው። አንዱ የሌላውን ሊቀምስ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያወዳድሩት ወሬውን ነበር። ከሊፋ ጨው በዛ ሲል ስለሺ ለማዘን ይሞክራል፣ ስለሺ ጣፈጠ ሲል ከሊፋ ያምነዋል። ጠረጴዛው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ሆነ፤ በረንዳም ማንም አልወጣም። ስለሺ ግን ተነሥቶ ሳህኑን ሲያጥብ አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀው፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ማይክሮዌቭም ሞከሩ። ሥጋውን በወጥ ቤት ወረቀት መሐል አድርገው አሞቁት፤ ፈጠነ፣ ደረቀ፣ የወረቀቱን ጣዕም ይዞ ወጣ። ከሊፋ ሾፌር ስለሆነ ፍጥነቱን ወደደው፣ ሁለተኛ ግን አልጠየቀም። ከዚያ ኦቭኑ ቀረ። ሚስ ሎሬታ ለብዙ ሰው ከሆነ ኦቭን ነው፣ ሁሉም ሳይኮማተር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ መገልበጥም የለበትም ብላ ነበር። ችግሩ ኦቭኑ የሚይዘው አንድ ትሪ መሆኑ ነው። ስለሺ አዲስ ትሪ፣ የማንም ሥጋ ነክቶት የማያውቅ፣ ገዝቶ መጣ። ፎይል አነጠፈበት፣ መሐሉ ላይ ፎይል አጥፎ አጥር ሠራ። ከአጥሩ ግራ የከሊፋ፣ ቀኝ የሱ።

"ቦርደር ሠራህ እኮ!" አለ ከሊፋ በአድናቆት።

ሥጋው በእርግጥ አጥሩን አላለፈም። ስቡን ግን ማንም አላሰበውም። የኦቭኑ ወለል ዘመም ያለ ነው፤ ትሪውን ሲያወጡት ስቡ ከአጥሩ ሥር ወዲያና ወዲህ ተንቆርቁሮ፣ አንድ ላይ ኩሬ ሠርቶ፣ ሁለቱም ወገን እዚያ ውስጥ ይንጨረጨራል። በዚያ ላይ ሲያዩት አላማረም ማለት አይቻልም። ቀጥ ያለ፣ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለቱ ሰዎች ትሪው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

"ይጣል" አለ ከሊፋ።

"ይጣል" አለ ስለሺ።

ሚስ ሎሬታ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ሲጥሉት ደረሰች። ስንት ዓመት ስትጠብስ ኖራ ይህን የመሰለ ነገር ወደ ቆሻሻ ሲገባ አይታ አታውቅም። ስለሺ የሚችለውን ያህል አስረዳት፦ የሱ ሥጋ በሱ ሰዎች፣ የከሊፋ በከሊፋ ሰዎች የታረደ ነው፤ አንዱ የሌላውን አይበላም፣ ስቡም ሥጋ ነው። ሚስ ሎሬታ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ይገባኛል" አለች። "እና አንተ ሥራ ቦታ እበላዋለሁ የምትለኝን ሀምበርገር ማን አረደው?"

ከሊፋ ሥራ ላይ ሲውል ከቤት የያዘውን ይበላል፣ ካልያዘ ሐላል ያለበትን ይፈልጋል፣ ካላገኘ ሙዝ ይበላል፤ ስለዚህ ጥያቄው እሱን አልነካውም። ስለሺ ግን ይህን ጥያቄ በአሜሪካ ኑሮው ሁሉ በጥንቃቄ ሳይጠይቅ የኖረ ሰው ነው። "አላውቅም" አለ። ሚስ ሎሬታ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቤቷ ገባች፤ ሽሙጥ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

በማግሥቱ ስለሺ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ከማዕዘኑ ሱቅ ያመጣውን ሀምበርገር ፈታ። ዳቦውን ገልጦ ሥጋውን አየው። በየትኛው ስቴት፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ማሽን፣ የማን ስም ተጠርቶ፣ ወይስ የማንም ሳይጠራ? ሥጋው ምንም አልመለሰለትም። ማሽኑ እምቢ ብሎ ከኋላ መኪናዎች ጥሩንባ እስኪነፉ ድረስ አላስተዋለም ነበር። ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ሀምበርገሩን ሳይበላ ጠቀለለው። አፈረ። ከማን እንዳፈረ ራሱም አላወቀም።

ከሊፋ የሚሄደው ሰኞ ጠዋት ሆነ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ በዚያ በኩል እንቅፋት አልነበረም። ሻንጣዎቹ በሩ ሥር ተደርድረዋል። ነሲባ ስልክ ደውላ "ደርሻለሁ ማለት ይቻላል" ብላለች፤ ይህም ገና ከቤቷ አልወጣችም ማለት ነው። ሁለቱም መጥበሻዎች ቀዝቃዛ ሆነው ተጣዱ፣ እሳቱ ትንሽ ተደረገ፣ በየመጥበሻው አንድ አንድ ማንኪያ ውኃ። ሰው ደግሞ በቂ ትዕግሥት ነበረው። ሲደርስ በሁለት ሳህን አወጡት፣ ዳቦ መሐል ላይ አስቀመጡ፣ ተቀመጡ።

"ቢስሚላህ" አለ ከሊፋ።

ስለሺ አማተበ። የራሱን ሳህን አልነካም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ሰድዶ ወደ ከሊፋ ሳህን ዘረጋ።

ከሊፋ ሳህኑን በመዳፉ ከደነው። "ያንተ እዚያ ነው።"

"አውቃለሁ። ካንተ ስጠኝ።"

"ስሌ፣ ተው። እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ በሃይማኖትህ ላይ አትቀልድ። ወላሂ ቅር አይለኝም።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"የንስሐ አባትህስ ምን ይሉሃል?"

"ስግደት ይሰጡኛል። እሰግዳለሁ።"

"በዚያ ጉልበትህ?"

"በዚሁ ጉልበቴ።"

ከሊፋ መዳፉን አላነሣም። የሥጋው ሙቀት እያቃጠለው እንደሆነ ያስታውቃል። ስለሺ እጁን ሳይሰበስብ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

"ከሊፋ፣ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የማላውቀው ሰው ያረደውን ስበላ ነው የኖርኩት። ስሙን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም፣ ፈጣሪውን ጠርቶ ይሁን ሰድቦ አላውቅም። አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አልበላም ያልኩት ያንተን ብቻ ነው። ከሰው ሁሉ መርጬ፣ ያንተን።"

ከሊፋ መዳፉን አነሣ። ስለሺ አንዱን ቁራጭ ወስዶ በላ። ጨው በዝቶበታል፣ ጠርዙ ኩርሽም ይላል፣ እንደ ሽታው ግን አይሆንም።

"እኔ ግን ያንተን መብላት አልችልም" አለ ከሊፋ ቀስ ብሎ። "ይኼን ሳልነግርህ ብቀር ደግ አይደለም።"

"አልጠየቅኩህም።"

"ቅር እንዳይልህ።"

"ቅር አላለኝም" አለ ስለሺ። ውሸት ነው፣ ትንሽ ብሎታል። ቢሆንም ከዚህ በላይ ሊጠይቀው አልፈለገም፤ ከሊፋ በሃይማኖቱ አንድ ቀን ያላጭበረበረ ሰው ነው፣ እሱን የወደደውም በዚሁ ነበር።

ከሊፋ ዳቦ ቆረሰ። ከራሱ ሳህን ሁለት ቁራጭ አነሣ፣ ዳቦው ውስጥ ጠቀለለ፣ ጫፉን በጣቱ አስተካከለና ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረ። ስለሺ አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ሲያኝክ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በጉርሻው ያሳበበው እንደሆነ ማንም አይከራከረውም።

ከታች የነሲባ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ከዚያ ደግሞ ነፋ።

ከሊፋ ሌላ ዳቦ እየቆረሰ "አንድ ያጣላል" አለ። "ትጠብቅ።"